አኬዮ ለቅሶ ቤት የፎከረችበት ቀን

መልሱ የመጣው ሐሙስ ማታ ነበር። የሳይንስ መጽሔቱ አዘጋጅ «ጥናታችሁን ወደነዋል» ይላል። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ጨምሯል። የመቀበያው ደብዳቤ የሚጻፈው ሦስቱም ጸሐፊዎች በስማቸው ቅደም ተከተልና በሥራ ድርሻቸው መስማማታቸውን በኢሜይል ሲያረጋግጡ ነው። አኬዮ በዚያው ደቂቃ አረጋገጠች። ኦልዌኒ እራቱን እየበላ በግራ እጁ አረጋገጠ። ሦስተኛው ሰው ፕሮፌሰር ኦቦንዮ ናቸው። ከእሳቸው እስከ ዓርብ ረፋድ ድረስ ድምፅ አልተሰማም።

ኦልዌኒ ኪሱሙ ባለው የዓሣ ምርምር ጣቢያ የአኬዮ ቢሮ በር ላይ ቆሞ ስልኩን ከጆሮው አወረደ።

«ዝግ ነው» አለ። «ሰውዬው ከነስልካቸው ሳይቀበሩ አልቀሩም።»

«አፍህን ያዝ! ለቅሶ ላይ ናቸው እኮ።»

«ለቅሶውስ የአክስታቸው ነው። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ናቸው፤ የልጅ ልጅ ልጅ አይተዋል። የእሳቸው ቀብር ለቅሶ ሳይሆን ሠርግ ነው። ስልክ መዝጋቱ ምን አመጣው?»

አኬዮ አልሳቀችም። የጥናቱን ወጪ የሚሸፍነው ድርጅት ሁለተኛውን ዙር የሚፈቅደው የመጽሔቱ የመቀበያ ደብዳቤ በዚያው ዓርብ፣ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት በፊት ሲደርሰው ብቻ ነው። ካልደረሰው ገንዘቡ ወደ ሌላ ሥራ ይዞራል፣ ፕሮጀክቱም ይዘጋል። ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ደግሞ በኡሬንጎ የሐይቅ ዳርቻ ኦሜና የሚያደርቁት ሴቶች ቃል የተገባላቸውን የእንጨት ቆጥ አያገኙም። ጣት የማታክለውን ያቺን ዓሣ አሁንም አሸዋ ላይ ያሰጧታል። አሸዋ የነካው ኦሜና ለዶሮ መኖ ይሸጣል፤ ቆጥ ላይ የደረቀው ለሰው። የጥናቱ ፍሬ ነገር ይኸው ነበር። አኬዮም ብትሆን ወደ አሌጎ ተመልሳ ኬሚስትሪ ማስተማሯ ነው። እናቷ እዚያ አንድ ክፍል ተማሪና አንድ ባል አዘጋጅታ ትጠብቃታለች።

«ኡዮማ ድረስ እንሂድ» አለች።

«ከመቼ ወዲህ ነው ለቅሶ ቤት ሥራ ይዞ የሚኬደው?»

«ለቅሶ እንድረስ። ሥራው ከኋላችን ይመጣል።»

ኦልዌኒ ጫማውን አየ። አዲስ ነበር፣ ነጭም ነበር። የኡዮማ መንገድ ቀይ አፈር ነው። «ለሳይንስ ስንት መሥዋዕት ይከፈላል» ብሎ የጣቢያውን ፒካፕ ቁልፍ አነሣ።

ሲደርሱ ቀብሩ አልቋል። ግቢው በድንኳን ተሞልቷል፤ ከማንጎው ዛፍ ሥር ከበሮና ድምፅ ማጉያ ተተክሏል። አንድ ጎልማሳ ካሜራውን በረጅም እንጨት ላይ አቁሞ ቀብሩን ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች በኢንተርኔት በቀጥታ ያስተላልፋል። ፕሮፌሰር ኦቦንዮ ከሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ባርኔጣ አድርገዋል፣ እጃቸው ላይ ጭራ ይዘዋል። አኬዮን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ያቺ ፈገግታ አስደነገጠቻት። እንግዳ የመጣበት ሰው ፈገግታ ሳይሆን የሚጠብቀው ሰው የመጣለት ሰው ፈገግታ ነበር።

ላፕቶፑን ከቦርሳዋ እያወጣች ወደ እሳቸው ስትራመድ ወፍራም ክንድ መንገዷን ዘጋው። ክንዱ የፕሮፌሰሩ ታላቅ እህት የማማ ሴሊና ነው።

«የአሌጎ ልጅ፣ ወዴት ነው ሩጫው?»

«ማማ፣ ፕሮፌሰርን ለአንድ ደቂቃ ብቻ...»

«መቃብሩን አየሽው?»

«ገና ነኝ፣ ማማ።»

«በልተሻል?»

«ምሳ በልቼ ነው የመጣሁት።»

«እንዲህ ነው እንጂ! የሰው ለቅሶ ቤት በልቶ መምጣት! አሌጎ እንዲህ ነው የሚያሳድጉት? ያንን ቦርሳ አስቀምጪው። መጀመሪያ መቃብሩ ዘንድ ትቆሚያለሽ፣ ከዚያ ትበያለሽ፣ ከዚያ ስለ ደቂቃሽ እናወራለን። አንተም ባለ ነጭ ጫማው፣ ሠርግ ነው ብለው ነው የላኩህ?»

ኦልዌኒ አንገቱን ደፋ። «ማማ፣ ለእሳቸው ክብር ነው የለበስኩት።»

«ተወው፤ አክስታችንም ጫማ ይወዱ ነበር» አሉ ማማ ሴሊና፣ ፊታቸውም ፈካ።

መቃብሩ ዘንድ ቆሙ። ከዚያ ምግብ ቀረበ፤ በቲማቲም የተሠራ ትልቅ ንጌጌ ዓሣ ከነጭንቅላቱና የተራራ ያህል ኩዎን የሚባለው የበቆሎ ገንፎ። አኬዮ ገንፎውን በጣቷ እየጠቀለለች ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነበር። በፍጥነት ስትውጥ ያዩዋት ማማ ሴሊና «ተርባ ነበር፣ ምስኪን!» ብለው ጨመሩባት።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር ፕሮፌሰሩ ፊት ወንበር ያገኘችው። ኦልዌኒ ከጎኗ ቆመ።

«ጃዱንግ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለች። ጃዱንግ በእኛ ዘንድ ለተከበረ ሽማግሌ የሚሰጥ መጠሪያ ነው።

«አሜን። አክስቴ ደኅና ኖራ ደኅና ሄደች። እናንተስ? ዓሣው ላይ የምትቆጥሯቸው ዝንቦች እንዴት ናቸው?»

«ደኅና ናቸው። ጃዱንግ፣ ኢሜይሉን አይተውት ይሆን?»

«አይቼዋለሁ። ሐሙስ ማታ እንደ መጣ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ስልክዎ...»

«ዘጋሁት።»

አኬዮ ወደ ኦልዌኒ ዞረች። ኦልዌኒ ወደ ጫማው።

ፕሮፌሰሩ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «የስሞቹን ቅደም ተከተል ማን ነው ያወጣው?»

«እኔ ነኝ።»

«መጀመሪያ የማን ስም አለ?»

«የእርስዎ።»

«ሁለተኛ?»

«የኦልዌኒ።»

«አንቺስ?»

«እኔ... ከታች።»

«ለምን?»

አኬዮ ጥያቄው ራሱ ገረማት። ሽማግሌ ባለበት ልጅ ቀድሞ እጁን ወደ ሳህን አይሰድም። የሰውየው ፀጉር ከነጣ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ጣቢያውን የመሠረቱትም እሳቸው ናቸው። ኦልዌኒም በዕድሜ ይበልጣታል። ስሞቹን ስትጽፍ ለአፍታ እንኳ አላመነታችም፤ እጇ ብቻውን ነበር የጻፈው።

«ጃዱንግ፣ አክብሮት ነው።»

«ለቤት እሱ አክብሮት ነው። ለመጽሔት ግን ውሸት ነው። የመጀመሪያው ስም የሠራው ሰው ስም ነው። እኔ ምን ሠራሁ? ሁለት ነጠላ ሰረዝ አረምኩ፤ አንዱንም ያረምኩት በስህተት ነው። አንቺ ሁለት ክረምት አሸዋ ላይ ተቀመጥሽ። እኔ ያላማሰልኩትን ድስት ‹አማሰልኩ› ብዬ የምፈርመው በስተርጅናዬ ነው?»

«እሺ፣ ለሚቀጥለው እናስተካክለዋለን። የዛሬውን ግን...»

«የዛሬውን ምን ያስቸኩለዋል? እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ የለንም እንዴ?»

«ዛሬ ነው» አለ ኦልዌኒ፣ መታገሥ አቅቶት። «ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል፣ ጃዱንግ። ከዚያ ወዲያ ገንዘቡ የለም።»

የፕሮፌሰሩ ባርኔጣ ወደ ኋላ ሸርተት አለ። «ዛሬ? ማን ነገረኝ?»

አኬዮ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰች። «ትልቅ ሰው ማጣደፍ ነውር መስሎኝ...»

«አይ የአሌጎ ልጅ!» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ መላ ሰውነታቸው እየሳቀ። «ጨዋነትሽ አንድ ቀን ሁላችንንም ይገድለናል። እኔ እኮ ስልኩን የዘጋሁት በኢሜይል እንዳትለማመጪኝ ነው፤ ሰኞ በአካል አገኛታለሁ ብዬ። በይ አሁን ቅደም ተከተሉን ገልብጪው።»

ኦልዌኒ ላፕቶፑን ከፈተ። ስሞቹን መገልበጥ ቀላል ነበር። ሦስቱም እዚያው ስላሉ መስማማቱም ቀላል ነው። ችግሩ ከታች ያለው ክፍት ቦታ ነበር። መጽሔቱ ቅደም ተከተል ሲቀየር የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ምን እንደ ሠራች በግልጽ እንዲጻፍ ይጠይቃል።

«ጻፊ» አለ ኦልዌኒ።

አኬዮ ጻፈች። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አድርገው አጎንብሰው አነበቡ።

«‹መረጃው በቡድኑ ተሰበሰበ።› ቡድኑ ማነው? ‹ሐሳቡ በውይይት ዳበረ።› ከማን ጋር? ከዝንቦቹ? አጥፊው።»

አጠፋችና እንደ ገና ጻፈች። አሁን ደግሞ «ሦስቱም እኩል ተሳትፈዋል» የሚል ነበር። ኦልዌኒ ራሱን ያዘ።

«አኬዮ፣ በእናትሽ! እኔ ኡሬንጎ የሄድኩት አንድ ቀን ነው፤ እሱንም መኪና ውስጥ ተኝቼ ነው የዋልኩት።»

«ስለ ራሴ መጻፍ አይሆንልኝም። ምን ላድርግ?»

ልክ በዚህ ጊዜ ከበሮው ቆመ። አንድ ጠብደል ሰውዬ እጁን አንሥቶ ከበሮ መቺው ፊት ያለው ሳህን ላይ ሳንቲም ጥሎ ማይኩን ተቀበለ። በእኛ በሐይቁ ዳር ይህ ፓክሩክ ይባላል፤ ሙዚቃ አስቁሞ ራስን ማወደስ፣ መፎከር ነው። በለቅሶም በሠርግም አለ። የማይፎክር ሰው ለሟቹም ለሙሽራውም አይበጅም።

«እኔ ኦጋንዳ!» አለ ሰውዬው። «የኡዮማ ጎሽ! ስራመድ መሬት ይቅርታ የሚጠይቀኝ! ሚስቴ ስትስቅ ሐይቁ ሞገዱን አቁሞ የሚያዳምጣት! በሬዎቼ እንግሊዝኛ የሚሰሙ!»

«አሄይ!» አለ ሕዝቡ። ከበሮው ቀጠለ።

ፕሮፌሰሩ ጭራቸውን ወደ ማይኩ ቀሰሩ። «ሂጂ።»

«የት?»

«እዚያ። መጻፍ ካልቻልሽ ተናገሪው። ኦልዌኒ ከአፍሽ እየተቀበለ ይጽፈዋል። ካልተናገርሽ አልፈርምም።»

«ጃዱንግ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

«ሕዝብ ፊት ማለት የማትችይውን ወረቀት ላይ ማለት አትችይም። ወረቀት ላይ ካላልሽው ደግሞ ቆጡ የለም።»

ቆጡ ሲጠራ አኬዮ ተነሣች። እግሯ ራሱ የሚያውቀው ይመስል ሄደ። ማማ ሴሊና መንገድ እየከፈቱ «አሳልፏት! የአሌጎ ልጅ ልትፎክር ነው!» ብለው ጮኹ፤ ይህን ሰምቶ በሌላው ድንኳን የተኛው ሰው ሁሉ ነቃ። ከበሮው ዝም አለ። ካሜራው ዞረባት።

«እንደምን ዋላችሁ» አለች አኬዮ በማይኩ። «እኛ... አንድ ትንሽ ጥናት ሠርተናል።»

«እኛ ማነው?» ብሎ ጮኸ ኦጋንዳ፣ የኡዮማው ጎሽ። «ሆድሽ ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዲት ሴት «የአሌጎ ሰው ሲፎክር ይቅርታ ይጠይቃል!» አለች። ሳቁ እጥፍ ሆነ።

አኬዮ ጆሮዋ ጋለ። ስለ እሷ ቢሆን ትተወው ነበር፤ አሌጎን መንካት ግን ሌላ ነገር ነው።

«እኔ!» አለች።

«አዎ!» አለ ሕዝቡ።

«እኔ አኬዮ! የአሌጎ ልጅ! ሁለት ክረምት ኡሬንጎ አሸዋ ላይ የተቀመጥኩ!»

«አሄይ!»

«ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ሲሸሽ እኔ ኦሜናውን ታቅፌ የቆምኩ! ዝንብ አንድ በአንድ የቆጠርኩ! ዝንቦቹ በስሜ የሚያውቁኝ! ሲያዩኝ ‹መጣች› ተባብለው የሚበተኑ!»

ከበሮ መቺው አንድ ጊዜ ከበሮውን ነካላት። አኬዮ ማይኩን ጨበጠች።

«ቆጡ ከአሸዋው እንደሚሻል መጀመሪያ ያሰብኩት እኔ! ቆጡን በእጄ የሠራሁት እኔ! ሚስማሩ ጣቴን ሲመታኝ ያላለቀስኩት... ትንሽ ብቻ ያለቀስኩት እኔ! በየሳምንቱ ዓሣውን የመዘንኩ፣ እርጥበቱን የለካሁ፣ ውጤቱን ቁጭ ብዬ የጻፍኩ እኔ! ያ ባለ ነጭ ጫማ ያሰላው እኔ የሰበሰብኩትን ነው!»

«ልክ ናት!» ብሎ ጮኸ ኦልዌኒ፣ ጣቶቹ ላፕቶፑ ላይ እየበረሩ። «እኔ ከጥላ አልወጣሁም! ቀስ በይ፣ ‹እርጥበቱን የለካሁ› ላይ ነኝ!»

«ጃዱንግ ኦቦንዮ መንገዱን አሳዩኝ» አለች አኬዮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «የሄድኩበት ግን እኔ ነኝ!»

ግቢው ተነቃነቀ። ሴቶቹ እልል አሉ። ፕሮፌሰሩ ቆመው ጭራቸውን አወዛወዙላት። አኬዮ ወደ ወንበሯ ስትመለስ ጥርሷ በፈገግታ አልገጠም ብሏት ነበር።

«በእንግሊዝኛ ጽፌዋለሁ» አለ ኦልዌኒ። «አሁን ሦስታችንም እናረጋግጥና... ኔትወርክ የለም።»

የሦስቱም ስልክ አንድ መስመር እንኳ አያሳይም። ኡዮማ ነው። ኦልዌኒ ላፕቶፑን ከራሱ በላይ አንሥቶ ግቢውን ዞረ፤ ጎሹ ኦጋንዳ «አሁን ደግሞ ያ ሰውዬ ምን እየሸጠ ነው?» እያለ ያየዋል። በመጨረሻ አኬዮ ዓይኗ ካሜራው ሥር ያለችው ትንሽ አንቴና ላይ አረፈ።

ካሜራ ያዡ ፌሊክስ ይባላል። ጥያቄውን ሲሰማ እጁን አርገበገበ።

«እህቴ፣ ይቺ ኢንተርኔት አንድ ምስል ነው የምትሸከመው። ለናንተ ከሰጠሁ ሥርጭቱ ይቆማል። ውጭ ያሉት የሟቿ ልጆች ናቸው የከፈሉኝ። ምስሉ ከጠፋ ይበሉኛል።»

«ለጥቂት ደቂቃ ነው።»

«ለቅሶ ይቆራረጣል እንዴ?»

ማማ ሴሊና ይህን ሁሉ ወገባቸውን ይዘው ሲሰሙ ቆይተዋል። «ፌሊክስ!»

«አቤት፣ ማማ።»

«የአክስታችን ፎቶ አለህ?»

«አለኝ።»

«እሱን አሳያቸው። ዝም ብሎ ፎቶው ይቁም። እያዩ ያልቅሱ። ከጠዋት ጀምሮ ዳንስ ነው ያሳየሃቸው፤ እነሱም ትንሽ ይዘኑ።»

ፌሊክስ ፎቶውን ለጠፈ። ሦስቱም ተራ በተራ አረጋገጡ፤ ፕሮፌሰሩ ቀስ ብለው፣ በአንድ ጣት፣ እያንዳንዷን ፊደል ከነካኩ በኋላ የመላኪያውን ቁልፍ እንደ ማኅተም ተጭነው። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አዘጋጁ ያለው ናይሮቢ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ናይሮቢ ማን ቢሮው ይገኛል? አኬዮ የቀሚሷን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

ዐሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መልስ መጣ። ኦልዌኒ ጮክ ብሎ አነበበው።

«‹በአዲሱ ቅደም ተከተል ተስማምተናል። የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ድርሻ እንዲህ በግልጽ ተጽፎ አይተን አናውቅም። አንድ ማስተካከያ ብቻ ይቀራል። ዝንቦቹ ጸሐፊዋን በስሟ ያውቋታል የሚለው ዐረፍተ ነገር ማስረጃ ይቅረብለት ወይም ይውጣ።›»

አኬዮ ላፕቶፑን ነጠቀችው። «ኦልዌኒ! እሱንም ጻፍከው?»

«ከአፍሽ እየተቀበልክ ጻፍ አሉኝ፤ ጻፍኩ!»

«ማስረጃ አለን እኮ» አሉ ፕሮፌሰሩ በቁም ነገር። «ኡሬንጎ ይምጣና ይይ።»

ኦልዌኒ «ጊዜ የለም!» ብሎ ዐረፍተ ነገሩን አጠፋው። ላከ። ከፌሊክስ ካሜራ ኋላ አራቱም ጭንቅላት ገጥመው ቆሙ፤ ፌሊክስም አራተኛው ሆኖ ነበር፣ ለምን እንደሚጠብቅ ባያውቅም። ደብዳቤው መጣ፤ አርማ ያለው፣ ፊርማ ያለው፣ መጀመሪያ የእሷ ስም ያለበት። አኬዮ ለማንበብ አልቆመችም። ለድርጅቱ መራችው። ወዲያው አንዲት አጭር መልስ ተመለሰች፤ «ደርሶናል፤ በጊዜው ነው፤ ሁለተኛው ዙር ተፈቅዷል።»

አኬዮ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኦልዌኒ ቀይ አፈር ውስጥ ዘለለ፤ ጫማው ከዚያ በኋላ ነጭ አልነበረም። ማማ ሴሊና ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ እልልታውን አቀለጡት፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው፤ ከበሮ መቺው ደግሞ እልልታ ከሰማ ምክንያት አይጠይቅም።

«አሁን ምስሌን መልሱልኝ!» አለ ፌሊክስ።

አንቴናዋን ከመመለሳቸው በፊት የአኬዮ ስልክ ጮኸ። በኢንተርኔት የሚደውሉት የኦጎላ እናት ናቸው፤ የኡሬንጎ ዓሣ አድራቂዎች ማኅበር ሊቀ መንበር።

«የአሌጎ ልጅ! ለቅሶውን በስልክ እያየን ነበር፤ ሟቿ ለኔም ዘመድ ናቸው። ምን ስትዪ ነበር እዚያ?»

«የኦጎላ እናት፣ ተፈቀደልን! ቆጡ ሊሠራ ነው! ለሁላችሁም!»

በስልኩ ውስጥ ጩኸትና ጭብጨባ ተሰማ። ብዙ ሴቶች አብረው ነበሩ። ከዚያ የኦጎላ እናት ድምፅ ተመለሰ።

«እሰይ! ተባረኪ! ግን ቆይ፤ ‹እኔ፣ እኔ፣ እኔ› ስትዪ ሰማሁ። አሸዋው ላይ ብቻሽን ነበርሽ እንዴ? ዓሣውን ማን ገለበጠልሽ? ዝናብ ሲመጣ ሸራውን ማን ያዘልሽ?»

«እናንተ፣ ማማ። ሁላችሁም። እኔ እኮ...»

«‹እኔ እኮ› አትበዪ። ፎክረሻል፤ ጥሩ አድርገሻል፤ አንጀቴን አራስሽው። ግን ገና ጀማሪ ነሽ። ሰኞ ነይ፤ እንዴት እንደሚፎከር እናሳይሻለን።»

አኬዮ ሳቀች። «ሰኞ እመጣለሁ። በሁለተኛው ጽሑፍ ላይ ደግሞ ስምዎን አስገባለሁ። በሥራው ልክ፣ በግልጽ።»

 በስልኩ ውስጥ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ይሰማል።

«ስንተኛ ላይ?» አሉ የኦጎላ እናት።